የማስተርስ ሴሚናር፦ እንዴት እንደሠራሁትና የት እንደሚበላሽ

ሴሚናሬ፣ ማለትም የሌሎችን ጥናት አንብቤ ያቀረብኩት፣ የቡና ፍሬ በሽታ ላይ ነበር፤ ጅማ ላይ ሁሉም ሲቢዲ ነው የሚለው። የተሰጠኝ 20 ደቂቃ ለማቅረብ፣ 10 ደቂቃ ለጥያቄ ነው። ሰዓቱም የነጥብ አሰጣጡም ከዲፓርትመንት ዲፓርትመንት ስለሚለያይ፣ ከሁሉ በፊት የኮርስ መግለጫውን አንብቡ።

መጀመሪያ የያዝኩት ርዕስ «ሲቢዲ በኢትዮጵያ» የሚል ነበር። በሽታው እኛ አገር በ1971 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከታየ ወዲህ የተጻፈው ተነቦ አያልቅም፤ በ20 ደቂቃማ አይሞከርም። ስለዚህ ወደ አንድ ጥያቄ አጠበብኩት፦ ከመልኮ (ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል) የወጡት 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች በተለያየ ከፍታ ላይ በሽታውን ምን ያህል ይቋቋማሉ? ርዕሳችሁ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ካልተቀበለ ገና ሰፊ ነው። ደግሞ ስላይድ ላይ ያወጣችሁት ቁጥር ሁሉ ይጠየቃል፤ ቁጥሩ 74 ብሎ የሚጀምረው ለምንድን ነው ቢሉኝ «በ1974 ስለተመረጡ» ማለት ነበረብኝ።

15 ስላይድ በቂ ነው፦ ርዕስ 1፣ ጥያቄ 1፣ መነሻ 2፣ ዘዴ 3፣ ውጤት 5፣ ያልተመለሰው ነገር 2፣ ማጠቃለያ 1። ብዙ ሰው መነሻው ላይ ስምንት ስላይድ ይደረድርና ውጤቱ ጋ ሲደርስ ሰዓቱ ያልቃል። የጽሑፉ ፊደል መጠን (ፎንት ሳይዝ) ከ24 አይነስ።

ነጥብ የሚረግፈው ግን ዘዴው ላይ ነው። ሲቢዲ ሲለካ ከአንድ ዛፍ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ቅርንጫፍ ይመረጥና ጤነኛውና የታመመው ፍሬ ይቆጠራል። ከ100 ፍሬ 30ው ከታመመ የስርጭት መጠኑ 30 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ምን ያህሉ ጠቁሯል የሚለው የጉዳት መጠን ይባላል፤ ሌላ ልኬት ነው። ሁለቱን አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ቀላቅሎ ያቀረበ ሰው እዚያው ይቆማል።

ግራፍ ላይ ያለችው ትንሽ መስመርም (ኤረር ባር) እንዲሁ ናት፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ወይም ስታንዳርድ ኤረር ልታሳይ ትችላለች። አማካዩ 30፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 12፣ ዛፎቹ 9 ከሆኑ ስታንዳርድ ኤረሩ 12 ለ3 (ለ9 ስኩዌር ሩት) ሲካፈል 4 ነው። ያው ዳታ በአንዱ የተበታተነ፣ በሌላው የተሰበሰበ ይመስላል። የትኛው እንደሆነና የናሙናውን ቁጥር ከግራፉ ሥር ጻፉ። ከፒዲኤፍ በስክሪንሾት የተቆረጠ ግራፍ ፕሮጀክተር ላይ ይደበዝዛል፤ እኔ ቁጥሮቹን ከሠንጠረዡ ወስጄ በኤክሴል እንደገና ሣልኳቸው። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ቁጥሩን በእጃችሁ ስታስገቡ ነው ስህተቱን የምታገኙት።

ፍላሽ ብቻ ይዞ መሄድ አያዋጣም፤ ቫይረስ ፋይሉን ሾርትከት አድርጎት ቁጭ ይላል። በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩት፣ ፒዲኤፉንም ጨምሩ፤ ፓወርፖይንት ብቻ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ሊቀየር ይችላል። መብራት ቢጠፋ ብዬ ሦስቱን ዋና ግራፎች አትሜ ይዤ ነበር። ክረምት ከሆነ ደግሞ የጠዋቱን ተራ ጠይቁ፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሰማም።

ልምምድ ሦስት ጊዜ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ በስልክ ሰዓት ተይዞ። በልብ ሲነበብ 14 ደቂቃ የፈጀብኝ ሲነገር 23 ሆነ፤ ሁለት ስላይድ አወጣሁ።

በሌሎች ተማሪዎች ሴሚናር ላይ ተሳትፎ ማለት ወረቀቱ ላይ ፈርሞ መቀመጥ የሚመስለው ብዙ ነው። የሌሎቹን አጭር መግለጫ ከዋዜማው አንብቤ ሁለት ጥያቄ ጽፌ እገባለሁ፦ ማነጻጸሪያው ምንድን ነው? ናሙናው ስንት ነው፣ እንዴትስ ተመረጠ? ከሌላ ትምህርት መስክ ለመጣ ሴሚናርም እነዚህ ይሠራሉ። «ጥሩ አቀራረብ ነው» ብሎ መጀመር ደቂቃ ይበላል። ለራሳችሁ የሚመጣውን ጥያቄ ደግሞ ደግማችሁ በአጭሩ ተናገሩት፤ አዳራሹም ይሰማል፣ እናንተም ታስባላችሁ። ያላነበባችሁት ከሆነ «ያነበብኳቸው ጽሑፎች ይህን አልለኩም» በሉና እለፉ፤ ገምጋሚ የፈጠራ መልስ ካሸተተ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ ያስከትላል።