ከፈተናው ይልቅ ፍርሃቱን ነበር የምፈራው

ጥቅምት 2015 ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰጠበት ጊዜ። ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ተጭነን ከሄድን ጥቂት ቀን ሆኖናል። ስልክ የለም። ቤተሰብ የለም። እማዬ ቋጥራ የሰጠችኝ በሶና ቆሎ አልጋዬ ሥር እንደተቀመጠ ነው። አንጀቴ እህል አልቀበል ብሏል።

የሒሳብ ፈተና ነበር። ወረቀቱ ታደለ። ስሜን ጻፍኩ፣ መለያ ቁጥሬን አጠቆርኩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛ ሳነበው ቃላቱ ትርጉም አጡብኝ። ከዚያ ልቤ አንዴ ድው አለ። ያቺን ምት እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ። ከእሷ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። ደረቴ ጠበበ። የጣቶቼ ጫፍና የከንፈሬ ዙሪያ ደነዘዘ። ጀርባዬን ላብ አጠመቀኝ፤ እጄ ግን በረዶ ሆነ። ክፍሉ ከእኔ የራቀ መሰለኝ። ፈታኙ ሲናገሩ ድምፃቸው ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር። የቀረኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ «በቃ፣ መሞቴ ነው።»

ተፈቅዶልኝ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ውሃ ጠጣሁ። ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ተመልሼ ስገባ ግን ሰዓቱ ሄዷል። የቀረውን በግምት አጠቆርኩት።

በዚያ ዓመት ከተፈታኙ ሁሉ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። አገር ጉድ አለ። ሰፈራችን ውስጥ ያልወደቀ ልጅ መፈለግ ያስቸግር ነበር። እኔ ግን በዚያ አልተጽናናሁም። ሌላው ጥያቄው ከብዶት ወደቀ፤ እኔ የማውቀውን ትቼ ነው የወጣሁት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። «አሞኝ ነበር» ብዬ አለፍኩት።

ሪሜዲያል፣ ማለትም ማለፊያ ላላመጡ ተማሪዎች የተሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ደርሶኝ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እዚያ ነው ነገሩ የባሰው። መጀመሪያ ፈተና ላይ ብቻ ይመጣ ነበር። ቀጥሎ ላይብረሪ ውስጥ። ቀጥሎ ሌክቸር መሃል። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ መጣብኝና ነጠላዬን ይዤ ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ ኑሮዬ በሙሉ በር በር ማየት ሆነ። ክፍል ስገባ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው። የውሃ ጠርሙስ ካልያዝኩ አልወጣም። ታክሲ ውስጥ መሃል ወንበር ከደረሰኝ ወርጄ ሌላ እጠብቃለሁ። ይህ ሁሉ የሚያድነኝ መስሎኝ ነበር።

ልቤን ነው የታመምኩት ብዬ ጤና ተቋም ሄድኩ። ኢሲጂ ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ። ልብሽ ጤነኛ ነው ተባልኩ። አንዱ ጋ ጨጓራ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠኝ። ቤት ስሄድ እማዬ ጸበል ወሰደችኝ። ጸበሉ አረጋግቶኛል፤ አልዋሽም። ዛሬም ጸሎቴን አልተውኩም። ግን ግቢ ተመልሼ የሚድ (የመንፈቅ አጋማሽ) ፈተና ሲደርስ ያው ነገር መጣ። ምርመራውን ግን ሁሉም ሰው እንዲያደርገው እመክራለሁ። ደም ማነስም፣ የእንቅርት ችግርም፣ የልብ ምት መዛባትም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው። መጀመሪያ እነሱ አለመኖራቸው ይታወቅ።

ካውንስለር ጋ የወሰደችኝ የዶርም ጓደኛዬ ናት። እኔ ካውንስሊንግ ማለት ፍቅረኛዋ የተዋት ልጅ የምትሄድበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ጓደኛዬ ግን ሌሊት ተነስቼ አልጋዬ ላይ ስንቀጠቀጥ አይታኛለች። ጠዋት ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ።

ካውንስለሯ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። ብዙ አላወሩም። የመጨረሻው ጊዜ እንዴት እንደጀመረ ከደቂቃ ደቂቃ አስነገሩኝ። እየተናገርኩ እሳቸው ወረቀት ላይ ክብ ይሥላሉ። «ልቤ መታ» ስል ጻፉት። ከዚያ ቀስት። «ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ።» ቀስት። «ይበልጥ መታ።» ቀስቱ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ገጠመ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩና «ፈተናው የት ጋ ነው ያለው?» አሉኝ። አየሁት። ፈተና የሚል ቃል ክቡ ውስጥ የለም። ከፈተናው ይልቅ ፍርሃቱን ነበር የምፈራው።

ስሙ ፓኒክ አታክ እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰውነት አደጋ ያየ ሲመስለው አድሬናሊን ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ይበዛል። ጅብ ቢመጣብኝ ለመሮጥ የሚያስፈልገኝ ይኸው ነው። ጅብ ሳይኖር ሲመጣ ግን ሰው የሚሞት ይመስለዋል። በጣም የገረመኝ የትንፋሹ ነገር ነው። እኔ አየር ያጠረኝ መስሎኝ አፌን ከፍቼ እስብ ነበር። ለካ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከመጠን በላይ ስንተነፍስ ደማችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣት የሚደነዝዘው፣ ከንፈር የሚወርረው፣ ራስ የሚዞረው በዚያ ነው። ያስፈራል እንጂ አይገድልም። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርስና ይወርዳል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ያቃጥለኛል።

ማወቅ ብቻውን ግን አላዳነኝም። ያዳነኝ ደረጃው ነው።

ዶርማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ካውንስለሯ የሰጡኝ የቤት ሥራ ደረጃውን እየሮጥኩ መውጣት ነው። ልቤ ሲመታ ቁጭ ሳልል፣ ውሃ ሳልጠጣ፣ ቆሜ እንድጠብቅ። እኔ ልቤ እንዳይመታ ስጠነቀቅ ዓመት ሆኖኛል፤ እሳቸው ሆን ብለሽ አስመቺው ይሉኛል! የመጀመሪያ ቀን ሁለተኛው ፎቅ ላይ አለቀስኩ። ጓደኛዬ በስልኳ ሰዓት ትይዛለች። «አንድ ደቂቃ… ሁለት… አለሽ፣ አለሽ» ትላለች። ልቤ እንደ ከበሮ ነው። ጣቴ ወረረኝ። በአራተኛው ደቂቃ ግን የሆነ ነገር ሸሸ። ምንም ሳላደርግ። ያቺ ደቂቃ ከየትኛውም ምክር በላይ አስተማረችኝ። በየቀኑ ሠራሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የልቤ መምታት ተራ ነገር ሆነ፤ ደረጃ የወጣ ሰው ልብ።

ከዚያ በር አጠገብ መቀመጤን ተውኩ። በአንድ ጊዜ አይደለም። አንድ ረድፍ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ረድፍ። የውሃ ጠርሙሱን ዶርም ትቼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ መሃል ተቀመጥኩ። በሸሸሁ ቁጥር አእምሮዬ «አየሽ፣ የተረፍሽው ስለሸሸሽ ነው» ይለኝ ነበር። ስቆይ ደግሞ ሌላ ይማራል። እኔ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የትንፋሹን ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እጠቀምበታለሁ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠርኩ አስገባለሁ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ በቀስታ አስወጣለሁ። ዋናው ማስወጫው መርዘሙ ነው። ግን ፍርሃቱን ለማባረር ብዬ ከተነፈስኩ አይሠራም፤ ሄደ አልሄደ እያልኩ ስጠብቀው ይብሳል። መተንፈሱ እስኪያልፍ ድረስ ለመቆየት ነው።

ፈተናውን ራሱን በተመለከተ አጠናኔን መቀየር ነበረብኝ። እኔ ቸካይ ነኝ። ደብተሬን አምስቴ ስድስቴ አነባለሁ። ደጋግሞ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል፤ ወረቀቱ ሲመጣ ግን ከባዶ ማውጣት ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ ደብተር ዘግቶ መጻፍ ጀመርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ልክ በ3 ሰዓት ባዶ ክፍል ገብቼ፣ ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሰዓት ይዤ የድሮ ፈተና እሠራለሁ። አልጋ ላይ ተጋድሜ የሠራሁት ጥያቄ ፈተና ክፍል ውስጥ አልተገኘልኝም። እዚያ ወንበር ላይ የሠራሁት ተገኘ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተማሪዎች ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስጋታቸውን ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ሲያደርጉ የጭንቀታሞቹ ውጤት መሻሻሉን አሳይተው ነበር። እኔም ሞከርኩት። የመጀመሪያ ቀን የጻፍኩት «አባዬ ሌሊት የሚነዳው ለእኔ ነው፣ ብወድቅ ምን እለዋለሁ» የሚል ነበር። ሳነበው ደነገጥኩ። ይህን ያህል ተሸክሜ ነው ሒሳብ የምሠራው?

አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በዕረፍት ቤት ስሄድ ወረቀቱን አልሰጠሁትም፤ በቃሌ ነገርኩት። ሁሉንም። የ12ኛውንም ጭምር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ ስላለው የተራራ መንገድ፣ ስለ ጣርማ በር ነገረኝ። ጉም ሲወርድ የፊት ጎማው እንኳን አይታይም አለኝ። ወጣት እያለ እጁ መሪው ላይ ተንቀጥቅጦ ያውቃል። «ታዲያ ምን ታደርግ ነበር?» አልኩት። «ምን አደርጋለሁ? መብራት አበራለሁ፣ በአንደኛ ማርሽ አዘግማለሁ። ጉም እኮ አይገፋም ልጄ።» ቀጥሎ ደግሞ፣ «እኔ የምነዳው ሥራዬ ስለሆነ ነው፤ የአንቺ ዕዳ አይደለም» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም።

ቡናና ጫት ነገር ላይ ግልጽ ልሁን። ግቢ ውስጥ ፈተና ሲደርስ ጫት እየቃሙ ማደር የተለመደ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ቡናም ጫትም ልብ ያስመታሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ። ፓኒክ ለሚነሳበት ሰው ክብሪት መጫር ነው። ቡና አልተውኩም፤ ከአቦል አላልፍም፣ በፈተና ሳምንት ግን ጭራሽ። ሰባት ሰዓት መተኛት ከሌሊቱ ጥናት የበለጠ ነጥብ ሰጥቶኛል። ከጓደኛ የሚሰጥ የሚያረጋጋ ክኒን ግን በፍጹም። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ ነውርም አይደለም። ሐኪም አይቶ ይዘዘው። አንዳንዱ በቀላሉ ሱስ ይሆናል።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ጠፍቷል ወይ ብትሉኝ አልጠፋም። ባለፈው ፋይናል ላይ መጣ። ያቺው ምት፣ ድው። እርሳሴን አስቀመጥኩ። «መጣህ» አልኩት በልቤ። ጣቴ ደነዘዘ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ስድስት ደቂቃ ቆየ። እርሳሴን አነሳሁና ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ማንም አላወቀም።

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ትናንት ማታ ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «እታለም፣ እጄ ደነዘዘኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» አለኝ። አይዞህ ምንም አይደለም አላልኩትም፤ እኔን ሲሉኝ ያናድደኝ ነበር። «አውቀዋለሁ፣ አብረን እንጠብቀው» አልኩት። ስልኩን ሳንዘጋ ቆየን። እየቆየሁ ደቂቃውን እነግረዋለሁ። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ ረዘም ረዘም። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ እማዬ ከጓዳ ስትጠራው ሰማሁ። «እራት ቀርቧል፣ ልሂድ» አለኝ።