ከአራት ኪሎ እስከ ሐይቅ ወለል

የምሠራው አራት ኪሎ ነው። የማጠናው የሐይቅ ውስጥ ሕይወትን። ከጀልባ ላይ ሆኖ በገመድ መሣሪያ እያወረዱ ከወለሉ ጭቃ ማውጣት ይቻላል፤ መሣሪያው ምን ላይ እንዳረፈ ግን አይታይም። ስለዚህ ራሴ ልውረድ አልኩ።

ገንዘቡ ካለ መሠረታዊውን የስኩባ (የአየር ጋን ተሸክሞ የመጥለቅ) ካርድ ጅቡቲ ሄዶ በጥቂት ቀን ማግኘት ይቻላል። ያ ግን ለመዝናኛ ነው። ተመራማሪ ውሃ ውስጥ ይለካል፣ ይቆጥራል፣ ናሙና ይሰበስባል። እጅ ሥራ ሲይዝ ዓይን የአየር መለኪያውን ይረሳል። የሳይንሳዊ ዳይቪንግ (ለምርምር የመጥለቅ) ሥልጠና የሚረዝመው ለዚህ ነው። የአሜሪካ የውሃ ውስጥ ሳይንሶች አካዳሚ መስፈርት 100 ሰዓት ሥልጠና እና ቢያንስ 12 ጊዜ ክፍት ውሃ ውስጥ መጥለቅን ይጠይቃል። ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ደግሞ አካዳሚው ሳይሆን አባል የሆነ ተቋም ነው። አስተናጋጅ ዩኒቨርሲቲ ከሌለ ነገሩ አለቀ። እኔ በጋራ ምርምር በኩል አገኘሁ። የድጋፍ ደብዳቤ ልጠይቅ የገባሁበት ቢሮ ግን “ዋና ለመማር ነው ውጭ የምትሄደው?” ብሎኛል።

ከቲኬት በፊት ሐኪም ይቅደም። ጆሮ፣ ሳይነስ፣ አስም፣ ልብ፤ አንዱ ብቻ ሊያስቀራችሁ ይችላል። ለዋና ፈተናው የተዘጋጀሁት ግዮን ሆቴል ገንዳ ነው፦ 400 ያርድ ከ12 ደቂቃ በታች፣ ከውሃ ሥር 25 ያርድ በአንድ ትንፋሽ። በአዲስ አበባ አየር ይህን የለመደ ሰው ጠረፍ ሲወርድ ይቀለዋል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጥልቀቱ ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን ከፍታው ነው። ጠላቂ ሲወርድ ናይትሮጅን ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ከወጣ፣ ተነቅንቆ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሆናል። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ገደማ ነው። እዚያ 20 ሜትር የወረደ ሰው ጠላቂዎች በሚመሩበት የጥልቀትና የጊዜ ሰንጠረዥ ላይ በግርድፉ እንደ 25 ሜትር ይቆጠርለታል። ገና ከውሃ ወጥቶ መኪና ውስጥ ዘው ካለ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ከ400 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ግፊቱም ይበልጥ ይቀንስበታል። ስለዚህ ቢሾፍቱ ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት የሥራው አካል ነው (ይህን ለፋይናንስ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥልጠና ነው)።

ከጅቡቲ ስንመለስም እንዲሁ። የተለመደው ምክር አንድ ጊዜ ከጠለቁ ከመብረር በፊት 12 ሰዓት፣ ደጋግመው ከጠለቁ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው። ዝቅ ያለ ከተማ የሚሄድ ሰው ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል። ቦሌ ያረፈ ግን እዚያው ከፍታ ላይ ይቀራል። እኔ ሙሉ ቀን ጨምሬ እቆያለሁ።

ፈቃዱ ካልተጠቀሙበት ይታገዳል፤ በዓመት ቢያንስ 12 ጊዜ መጥለቅ ይጠበቃል። ብቻ መውረድ ደግሞ አይፈቀድም። አሁን አንዲት የክፍላችንን ባልደረባ እያግባባሁ ነው። መጀመሪያ ዋና አስተምረኝ ብላለች።