ከሃርለም እስከ ፌሉዌ ጫካ፦ አይሁዶች የተደበቁባቸው ቦታዎች

ሆላንድ ሄጄ የአን ፍራንክን (ከናዚዎች ተደብቃ ማስታወሻዋን የጻፈችው አይሁድ ልጅ) ቤት ሳላይ ተመለስኩ ስል ሰው ሁሉ "እንዴ!" ይለኛል። ትኬቱ ኦንላይን ብቻ ነው የሚሸጠው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ይለቀቅና ወዲያው ያልቃል፣ እኔ ደግሞ ፈቃዴን በመጨረሻው ሰዓት አግኝቼ ከፍራንክፈርት በባቡር ድንገት የተነሳሁ ሰው ነኝ። ዩትሬክት የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች፣ እታለም ነው የምላት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ልጅ ሆና ስለገባች ደችኛው ከአማርኛው ይቀላታል። እሷ "ተወው ባክህ፣ እሱን ዓለም በሙሉ ያየዋል፣ እኔ ሌላ ነገር ላሳይህ" አለችኝና ሳይክል ማዘጋጀት፣ ባቡር መፈለግ ውስጥ ገባች።

መጀመሪያ ግን ቁጥሩን ልንገራችሁ ምክንያቱም እኔ ሳልሄድ በፊት አላውቀውም ነበር። ጀርመን በግንቦት 1940 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሆላንድን ስትይዝ እዛ ወደ 140,000 አይሁዶች ነበሩ፣ ከነሱ ውስጥ 102,000 የሚሆኑት ተገደሉ። ከ4 ሰው 3 ማለት ነው፣ ከፈረንሳይም ከቤልጅየምም የባሰ። ሆላንድ ሁሌ ስለ ጥሩ ሰዎቿ ስለሚወራላት ይሄ ነገር አስደነገጠኝ። አንደኛ አገሩ ሜዳ ነው፣ ተራራ የለ፣ ዋሻ የለ፣ በአንድ በኩል ባህር በሌላ በኩል ጀርመን፣ ወዴት ይኬዳል? ሁለተኛው ነገር ደግሞ መዝገባቸው ነው። ማን የት እንደሚኖር፣ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ በደንብ ተጽፎ ተቀምጧል፣ ጀርመኖቹ ሲመጡ ሥራው ግማሹ ተሠርቶ ጠበቃቸው፣ ከዛ እነሱ ደግሞ የአይሁዱ መታወቂያ ላይ ትልቅ የጄ ፊደል አስመቱበት። በ1943 መጋቢት ላይ አንድ የአርቲስቶችና የተማሪዎች ቡድን የአምስተርዳምን የነዋሪዎች መዝገብ ቤት በፈንጂ ያቃጠለው ዝም ብሎ አይደለም። 12ቱ በዚያው ዓመት ተረሸኑ። እኔ እንግዲህ በየቢሮው "ፋይልህ ጠፍቷል" ሲባል ከሚበሳጩት አንዱ ነኝ፣ እዛ ግን የፋይል መጥፋት የሰው ነፍስ ነበር።

እና ተደብቆ ለመትረፍ የሞከረው ወደ 28,000 ሰው ነው፣ የተረፈው ወደ 16,000። ሌላው በጥቆማ፣ በፍተሻ፣ በአጋጣሚ ተያዘ።

ሃርለም ከአምስተርዳም በባቡር ሩብ ሰዓት ነው። አይሁዶችን የደበቀው የቴን ቡም ቤተሰብ ቤት ገበያው አጠገብ ባርተልዮሪስስትራት ላይ ነው፣ ከታች የሰዓት ሱቅ ከላይ መኖሪያ፣ ጠባብ ናት፣ ሁለት ቤት አንድ ላይ ስለተገጣጠመ ደረጃው ይጠማዘዛል፣ ፎቁ እኩል አይገጥምም። የዚህ ቤት ልጅ የሆነችውን የኮሪ ቴን ቡምን ስም ያልሰማ የጴንጤ ቤት ልጅ ያለ አይመስለኝም። እኔም ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ሰምቻታለሁ፣ ሁሌ ስለ ይቅርታ ሲሰበክ ትነሳለች። በዛ ሁሉ ስብከት ውስጥ ግን ስለ ዳቦ ኩፖን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም፣ ያስጎበኙን ሴትዮ ግን (ትልቅ ሰው ናቸው፣ በጎ ፈቃደኛ፣ ደግሞ ሲቀልዱ ፊታቸው አይንቀሳቀስም) ግማሹን ሰዓት ያወሩት ስለሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ሁሉም በራሽን ነው፣ ኩፖን ከሌለህ ብር ቢኖርህም አትገዛም። ኩፖን የሚሰጠው ደግሞ መታወቂያ ይዘህ ስትቀርብ ነው። የተደበቀ ሰው መቅረብ አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው አስጠጋሁ ማለት አንድ የሚበላ አፍ ያለ ካርድ ጨመርክ ማለት ነው፣ ሰባት ሰው ከሆነ ደግሞ ጎረቤቱ "እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ ድንች ምን ያረጉታል" ይላል። ኮሪ የራሽን ቢሮ ውስጥ የሚሠራ የሚያውቁት ሰው ጋ ሄዳ ጠየቀች፣ እሱም ቢሮው እንደተዘረፈ አስመስሎ ካርዶቹን አወጣላቸው። ከደረጃው አንዱ እርከን እንደ ክዳን ይከፈታል፣ ካርዶቹ የሚደበቁት እዛ ውስጥ ነበር፣ ሴትዮዋ ከፍተው አሳዩን።

መደበቂያዋ ራሷ ከላይ የኮሪ መኝታ ቤት ውስጥ ናት። ከግድግዳው ፊት ሌላ የጡብ ግድግዳ ተሠርቷል፣ እንጨት ቢሆን ሲንኳኳ ባዶ መሆኑ ይሰማላ! ጡቡን በቦርሳና በጋዜጣ እየጠቀለሉ ትንሽ ትንሽ እያረጉ ነው ያስገቡት። መግቢያው የአንሶላ ቁምሳጥን የታችኛው መደርደሪያ ስር ነው፣ በደረት እየተሳቡ ይገባሉ። ዛሬ ጎብኚ እንዲያይ ግድግዳው ተከፍቷል፣ እኔም ገብቼ ቆምኩ፣ ጀርባዬ አንዱን ግድግዳ አፍንጫዬ ሌላውን ሊነካ ምንም አልቀረው። እታለም "ስድስት ሰው በል" አለችኝ።

ልምምድ ያደርጉ ነበር ማታ ማታ። ደወል ሲጮህ ሁሉም ይነሳል፣ ፍራሹን ይገለብጣል፣ ለምን? የተኛበት ቦታ ሙቀት በእጅ ሲዳሰስ እንዳይታወቅ። ሳህኑ፣ ሲጋራው፣ ፀጉሩ ማበጠሪያው ላይ፣ ሁሉም ይለቀማል። መጀመሪያ ደቂቃዎች ይፈጅባቸው የነበረው እየለመዱት ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በላይ ሆነ።

በየካቲት 28 ቀን 1944 ጌስታፖ (የናዚ ሚስጥራዊ ፖሊስ) መጣ። ጠዋት አንድ ሰው ሱቁ ገብቶ ሚስቴ አይሁድ ደብቃ ታሰረችብኝ ገንዘብ እርዱኝ ብሎ አልቅሶ ነበር፣ ጠቋሚው እሱ ነው። ቤቱ ውስጥ የተገኘ ሰው ሁሉ፣ ወደ 30 ሰው፣ ታፈሰ። 4 አይሁዶችና 2 የተቃውሞ ሰዎች (ጀርመንን በድብቅ የሚታገሉ) ግን ከግድግዳው ጀርባ ነበሩ፣ ፖሊስ ቤቱን እየጠበቀ እነሱ ወደ ሁለት ቀን ያለ በቂ ምግብ ቆመውም ቁጭ ብለውም ቆዩ፣ በመጨረሻ ከጠባቂዎቹ ጋር ተራ የገቡ የተቃውሞው ወገን የሆኑ ደች ፖሊሶች አወጧቸው። ከ4ቱ አይሁዶች 3ቱ ጦርነቱን አልፈዋል። አባትየው ካስፐር በ84 ዓመቱ እስር ቤት በ10 ቀኑ ሞተ፣ የኮሪ እህት ቤትሲ ራቨንስብሩክ በሚባለው የናዚ ካምፕ በታህሳስ 1944 አለፈች፣ ኮሪ ከዛው ካምፕ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ተለቀቀች።

በማግስቱ ወደ ፌሉዌ። ከዩትሬክት ወደ ዝዎለ የሚሄደው ዘገምተኛው ባቡር ኑንስፔት ያወርዳችኋል። መንገድ ላይ እታለም ስለ ጥቆማው ገንዘብ ነገረችኝ። አምስተርዳም ውስጥ በ1943 የሄኒከ ቡድን የሚባል ነበር፣ ደቾች ናቸው ጀርመኖች አይደሉም፣ የተደበቀ አይሁድ ላመጡበት በሰው 7.50 ጊልደር ይከፈላቸዋል። በወራት ውስጥ ከ8,000 በላይ ሰው ነው አሳልፈው የሰጡት። በሌላ ወገን ደግሞ ታንተ ሪክ ("አክስት ሪክ" እንደማለት) የሚሏት የልጆች እናት ሄሌና ካይፐርስ ሪትበርግና ፍሪትስ ስሎምፕ የሚባል ፓስተር በ1942 የጀመሩት መረብ አለ፣ ፓስተሩ በየከተማው እየዞረ እየሰበከ ከስብከቱ በኋላ ማን ቤት ክፍት ቦታ አለ፣ ማን ኩፖን ያመጣል እያለ ሰው ያገናኛል። ያ መረብ መጨረሻ ላይ አገሩን በሙሉ አዳረሰ፣ አብዛኞቹ የተረዱት ግን ለግዳጅ ሥራ ጀርመን ላለመሄድ የሸሹ ደች ወጣቶች ናቸው፣ በሰፊው ሲደራጅ ብዙው አይሁድ አስቀድሞ ተወስዶ ነበር። ታንተ ሪክም ራቨንስብሩክ ነው የሞተችው። ይሄን ስትነግረኝ መስኮቱ ላይ ላም ብቻ ነው የሚታየው፣ ሜዳና ላም፣ ከዛ ቀስ እያለ ጥድ መጣ።

ከጣቢያው በሳይክል ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው ወደ ፊርሃውተን አቅጣጫ፣ ጥድ ግራና ቀኝ፣ አየሩ ይጣፍጣል። የተደበቀው መንደር የሚሉት ቦታ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። በ1943 መጀመሪያ ላይ ነው የተጀመረው፣ አዛውንቶቹ ባልና ሚስት ባከሮች (ሁሉም "አያት ባከርና አክስት ኮር" ይሏቸው ነበር) እና ፎን ባውምሃወር የሚባል ጠበቃ ናቸው ያቋቋሙት። ቤት ውስጥ መደበቅ አንድ ነገር ነው፣ እዚህ ግን ጫካው መሃል 9 ጎጆ ሠርተው ከ80 እስከ 100 ሰው አኖሩ! አብዛኛው አይሁድ፣ ከዛ ከሥራ ግዳጅ የሸሹ፣ አውሮፕላናቸው የወደቀባቸው የአሊያንስ (ጀርመንን የሚወጉት አገሮች) አብራሪዎችም አልፈውበታል።

ዛሬ 3ቱ ጎጆዎች እንደገና ተሠርተዋል። እውነቴን ነው አጠገባቸው ደርሰን እንኳን የመጀመሪያውን አላየሁትም፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ነው፣ ጣሪያው ላይ አፈርና የጥድ ቅጠል ተከምሮበት ከሩቅ ኩይሳ ነው የሚመስለው። አጎንብሳችሁ ትገባላችሁ፣ ውስጡ የእንጨት አልጋ ደረጃ በደረጃ፣ አንዲት መስኮት፣ ሽታው የእርጥብ እንጨት። እኔ አምስት ደቂቃ ቆይቼ ወጣሁ፣ እነሱ ክረምቱን እዛ አሳልፈዋል።

እዛ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ስለ ተራ ተራው ነገር ነው። የተቆፈረው አፈር የት ይደፋል? ቢጫ አሸዋ ጫካ ውስጥ ተከምሮ ያየ ሁሉ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ወስደው መበተንና በቅጠል መሸፈን ነበረባቸው። ጭስ ቀን አይታሰብም። ጮክ ብሎ ማውራት የለም፣ ልጆችም ጭምር። አንድ መንገድ ላይ ደጋግመው ከሄዱ ዱካ ይወጣል። ለ80 ሰው የሚሆን ዳቦና ድንች በየጊዜው ከኑንስፔትና ከፊርሃውተን መምጣት አለበት፣ ያ ማለት ዳቦ ጋጋሪው ያውቃል፣ ገበሬው ያውቃል፣ የሚያመላልሰው ያውቃል፣ የነሱም ሚስቶችና ልጆች የሆነ ነገር ይጠረጥራሉ። ይሄ ሁሉ ሰው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አፉን ያዘ። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ፍሪጅ ቢገዛ በማግስቱ ነው የሚወራው አልኳት ለእታለም፣ ስቃ "እዚህም ያው ነው፣ የገጠር ሰው እኮ ነው" አለችኝ።

ያለቀው በጥቅምት 29 ቀን 1944 ነው፣ ማንም ጠቁሞ አይደለም። ሁለት የኤስኤስ (የናዚ ታጣቂ ድርጅት) ሰዎች አደን ወጥተው ነበር፣ አውሬ ሲፈልጉ መንደሩ ላይ ደረሱ። ማስጠንቀቂያው ቶሎ ስለተሰማ አብዛኛው ሰው ጫካውን ይዞ አመለጠ፣ እንደገና ሌላ ቤት፣ ሌላ ጎተራ። 8 አይሁዶች ግን ተያዙና ተረሸኑ፣ ከነሱ ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ አለ። በዛን ሰዓት የሆላንድ ደቡብ በከፊል ነፃ ወጥቶ ነበር፣ ካርታ ላይ ብታዩት የአሊያንስ ጦር ያን ያህል ሩቅ አልነበረም፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። መታሰቢያቸው መንገድ ዳር ያለ ትልቅ ድንጋይ ነው፣ ሳይክል ተከራይቶ የመጣ ሰው ሁሉ ያልፍበታል።

ከዛ ፊርሃውተን ገብተን ፓንኬክ በላን (ትልቅ ነው፣ ለሁለት አንድ ይበቃል፣ እኛ ሁለት አዘዝን)። የምትሄዱ ከሆነ ሃርለም እኔ ስሄድ ነፃ ነበር፣ ስንወጣ የፈለግነውን ሰጠን፣ ግን ቡድኑ ትንሽ ስለሆነ ቀድማችሁ ኦንላይን ቡክ አድርጉ። ጫካው ምንም ትኬት የለውም፣ ሳይክል ከጣቢያው ተከራዩ፣ ውሃ ያዙ፣ ዝናብ ከሆነ ጭቃ ነው። እኔ በሚቀጥለው ድሬንተ ነው የምሄደው፣ አይሁዶቹ ወደ ምሥራቅ የተጫኑበት የቬስተርቦርክ ካምፕ እዛ ነው፣ ከሱ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ኒውላንደ የሚባል ትንሽ ገበሬ መንደር አለ፣ ያድ ቫሼም (የእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም) መንደሩን በሙሉ ነው የሸለመው፣ በዓለም እንደዛ የተሸለመ ሌላ አንድ የፈረንሳይ መንደር ብቻ ነው ያለው። እታለም መኪና አስነሳለሁ ብላለች፣ ነዳጁ ግን በኔ ነው አለች።