«ምን ሆና ነው?»

ባለፈው ከእህቴ ጋር አንድ ጉዳይ ልንጨርስ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን፣ ቢሮው 3ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት አለው ግን ሊፍቱ ጋ ለመድረስ ራሱ በሩ ላይ 6 ደረጃ አለ። እህቴ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ጥበቃው መጣና እሷን አልፎ እኔን «ምን ሆና ነው?» አለኝ። እዚያው ቁጭ ብላ እየሰማችው እኮ ነው! እኔ አፌ ተያያዘ፣ እሷ ግን ቀና ብላ አየችውና «ደረጃው ነው ወንድሜ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም» አለችው።

ይቺ መልሷ ካእምሮዬ አልወጣ አለች። እኛ ያደግነው ጉዳቱ ሰውየው ላይ ብቻ ነው እየተባልን ነው፣ ወይ እርግማን ነው ወይ የእግዜር ቁጣ፣ መፍትሔውም ወይ ጠበል ወይ ምጽዋት። ቋንቋችንን ራሱ እዩት፣ «ደንቆሮ» ጆሮው የማይሰማ ማለት ነበር፣ አሁን ግን አላዋቂ ነህ ብለን የምንሳደብበት ቃል ሆኗል። «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» እያልንም ሰውየው ገና ሳይነሳ የት ድረስ እንደሚሄድ እንወስንለታለን። እዚሁ አገር ግን ዓይነ ስውር የቅኔና የዜማ መምህራን ዓይናማውን ተማሪ ሲያስተምሩ ኖረዋል! የአብነት ትምህርቱ ብዙው በቃል ስለሆነ አለማየታቸው ከመምህርነት አላገዳቸውም፣ ትምህርቱ በወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚያው ሰዎች «አይችሉም» ይባሉ ነበር።

ሕጉ ደሞ ከኛ ቀድሟል። ስለ ሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ 568/2000 አካል ጉዳተኛ የሚለው፣ ጉዳቱ ከማኅበራዊ፣ ከኢኮኖሚና ከባህል መድልዎ ጋር ተያይዞ እኩል የሥራ ዕድሉ የጠበበበትን ሰው ነው። መድልዎው ትርጉሙ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የሕንፃ አዋጁ 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ይኑረው ካለ ቆይቷል፣ ያ ሕንፃ ግን ከአዋጁ በኋላ የተሠራ ነው፣ መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ በጣም ነው ያናደደኝ።

ሁለት ሰዎች ከነዊልቸሯ ሊሸከሟት መጡ፣ እምቢ አለች። እንደ ዕቃ ስትነሳ ምን እንደሚሰማት ስለማውቅ እኔም አልገፋፋኋትም። በስንት ልመና አንዷ ሠራተኛ መዝገብና ማኅተሟን ይዛ ወረደች፣ የጥበቃው ጠረጴዛ ላይ አስፈረመቻት፣ 5 ደቂቃ አልፈጀም።

ልንሄድ ስንል ጥበቃው አሁን እሷኑ ጠራት፣ «ቆይ እህቴ፣ እዚህ ጋ ጣውላ ቢደረግበት ይሆናል?»

«ዳገት እንዳይሆን ረዘም ይበል» አለችው፣ በእጇም እስከየት እንደሆነ አሳየችው።