የወንድሜን ስም ለማስተካከል ሰባት ወር

ስልኩ የተደወለው ከማላውቀው ቁጥር ነበር። አንድ ሰው በጥድፊያ "ወንድምህ እኛ ጋር ታስሯል፤ ደህና ነው፤ ለቆንስላችሁ ንገሩ" አለኝና ተቋረጠ። አርባ ሰከንድ ቢሆን ነው። እኔ ያቺን አርባ ሰከንድ "ማን ልበል? ማን ልበል?" እያልኩ ጨረስኳት።

ታናሽ ወንድሜ ድምፁ ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። አውሮፕላን ሊቀይር አንድ አገር ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። አሁን ሳስበው ያን ሰውዬ መጠየቅ የነበረብኝ አራት ነገር ብቻ ነው። የትኛው እስር ቤት ነው? የመዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው? በምን ተጠርጥሮ ነው? የፈረመው ወረቀት አለ? የእነዚህን መልስ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ነገሩ ኋላ ነው የገባን። በማጭበርበር የሚፈለግ አንድ ሰው ነበር። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከወንድሜ ስም የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው። የተወለዱበት ዓመትም አንድ ነው። ኮምፒውተሩ "ይሄ ነው" አለ፣ ፖሊሱም ኮምፒውተሩን አመነ። በቃ፣ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ቆንስላ ነው። እኔ እንኳ የመሰለኝ ኤምባሲው አንድ ደብዳቤ ጽፎ በማግስቱ የሚያስፈታው ነበር። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ረጋ ብላ አዳመጠችኝና "ወንድሜ፣ እኛ ማስፈታት አንችልም። ማየት ግን እንችላለን" አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ማየት ምን ይሠራል ብዬ።

ብዙ ነገር ይሠራል ለካ። የ1963ቱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የሚባል ነገር አለው። የውጭ አገር ሰው ሲያዝ፣ ያሰረው አገር "ቆንስላህ እንዲያውቅ መጠየቅ ትችላለህ" ብሎ ሳይዘገይ ሊነግረው ግዴታ አለበት። እስረኛው ከጠየቀ ደግሞ ለቆንስላው ይነገራል። ቆንስሉ ሄዶ ሊጠይቀው፣ ሊጻጻፈው፣ ጠበቃ እንዲያገኝ ሊረዳው ይችላል። "ከጠየቀ" የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ወንድሜ መጠየቅ እንደሚችል የነገረው ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው በእስረኛ ስልክ ከአንድ ደግ ሰው የሰማነው። ያው ስምምነት ቆንስሎች በተቀባዩ አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡም ይከለክላል። ሴትዮዋ እውነቷን ነበር። (ጥምር ዜግነት ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ በአንደኛው ዜግነታችሁ አገር ከታሰራችሁ፣ ያ አገር "የራሴ ዜጋ ነው" ብሎ ሌላኛውን ቆንስላ በር ላይ ሊመልሰው ይችላል።)

ቆንስሉ ሄዶ ካየው በኋላ ነው ነገሩ መስመር የያዘው። የመዝገብ ቁጥሩን አመጣልን። በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ሁለት ገጽ እንደፈረመም ነገረን። "መፈረም ነው የሚያስፈታህ አሉኝ" ብሏል ወንድሜ።

ጠበቃ ስንፈልግ መጀመሪያ የያዝነው ሰው "ዳኛውን አውቀዋለሁ" የሚል ነበር። ስለሱ ብዙ አልልም። ዳኛ አውቃለሁ ያለ ጠበቃ ገንዘባችሁን ነው የሚያውቀው። ሁለተኛዋ ግን ሌላ ሰው ናት። በአስተርጓሚ ነበር የምንነጋገረው። እኔ ስለ ወንድሜ ጨዋነት ልተርክላት ስጀምር አቋረጠችኝ። "ንጹህ መሆኑን አትንገረኝ። የዚያን ቀን የት እንደነበረ አሳየኝ።"

የዚያን ቀን ማለት፣ ተፈላጊው ሰውዬ አንድ ባንክ መስኮት ላይ ቆሞ የፈረመበት ቀን ነው። ወንድሜ ያን ቀን ሥራ ገብቷል። የመሥሪያ ቤቱን የሰዓት መፈረሚያ መዝገብ አገኘን። ጠዋት ሲገባ፣ ማታ ሲወጣ የፈረመባቸው ሁለት ፊርማዎች አሉ፤ የማታዋ ቸኩሎ ስለነበር ጅራቷ መስመሩን አልፋለች። ያቺን ጅራት ስንቴ እንዳየኋት አልነግራችሁም። በዚያ ላይ ፓስፖርቱ። በዚያ ወር የመግቢያም የመውጫም ማህተም የለበትም።

ማስረጃ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ እዚያ አገር ፍርድ ቤት እንዲቀበለው ማድረግ ሌላ ነው። ሁለቱም አገሮች የ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) የሄግ የአፖስቲል ስምምነት አባል ከሆኑ አፖስቲል የሚባል አንድ የምስክር ወረቀት ይበቃል። አባል ካልሆኑ ወረቀቱ ሰነድ አረጋጋጭ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ የዚያ አገር ኤምባሲ እያለ ማህተም እየሰበሰበ ይዞራል። እኛ የዞርነው በረጅሙ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ትርጉም ቤት የወንድሜን ስም ከፓስፖርቱ በተለየ አጻጻፍ ጽፎት ሙሉውን እንደገና ጀመርን። በስም ምክንያት የታሰረን ሰው በስም ስህተት ልናስቀረው ነበር! ከዚያ ወዲህ የማንኛውም ወረቀት የመጀመሪያ ሥራዬ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል፣ ጣቴን እያስኬድኩ ማመሳከር ሆነ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በሁለተኛው ሳምንት ፌስቡክ ላይ ጻፍኩ። ሌሊት ነበር፣ እንቅልፍ የለኝም። "ወንድሜ ለሥራ በሄደበት አገር ያለ ጥፋቱ ታሰረ" አልኩ። ሰው ሼር አደረገው። ትንሽ ቀለል አለኝ። ወንድሜ ግን "ለሥራ" አልሄደም፤ ሊያልፍ ነው የወረደው። ለምን "ለሥራ" እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከአፍ እንደሚወጣ ነው የወጣው። ከሁለት ወር በኋላ ዓቃቤ ሕጉ የጽሑፌን ስክሪንሾት ከነትርጉሙ መዝገቡ ውስጥ አስገባው። "ተጠርጣሪው ትራንዚት ነበርኩ ይላል፤ ቤተሰቡ ለሥራ መጣ ይላል።" አንድ ቀጠሮ ሙሉ እኔን በማስተባበል አለቀ።

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። ብሪታኒያዊት ኢራናዊቷ ናዛኒን ዛጋሪ ራትክሊፍ ቤተሰቧን ጠይቃ ስትመለስ 2016 እ.ኤ.አ. ላይ ቴህራን ታሰረች። በ2017 እ.ኤ.አ. የያኔው የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ለፓርላማ ኮሚቴ ሲናገሩ ጋዜጠኝነት ታስተምር ነበር አሉ። ስህተት ነበር። ኢራን ግን ንግግሩን በእሷ ላይ ጠቀሰችው።

ሆኖም ዝም በሉ ማለቴ አይደለም። የእሷ ባል ዝም ቢል ኖሮ ጉዳዩ ይረሳ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ለንደን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደጅ ለ21 ቀን ምግብ አቁሞ ተቀመጠ። በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ስትለቀቅ፣ እንግሊዝ ከኢራኑ ንጉሥ ከሻሁ ዘመን የታንክ ሽያጭ ለኢራን ቀርቶባት የነበረውን ወደ 400 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳ በዚያው ሰሞን ከፍላ ነበር። መፍትሔው በከፊል ለንደን ስለነበር ባልየው የጮኸው በትክክለኛው በር ላይ ነው። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ወንድሜን ለዕዳ መያዣ ያደረገው መንግሥት አልነበረም። የታሰረው በስህተት ነው፤ ቁልፉ ያለው አንድ ዳኛና አንድ የአሻራ ክፍል ጋ ነው። እዚያ ላይ ጩኸት ሲጨመር ሰዎቹ ስህተታቸውን ከማረም ይልቅ መከላከል ይጀምራሉ። እኔ ይህን ልዩነት ያወቅሁት ከጮህኩ በኋላ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን ጋም ለመሄድ ተዘጋጅተን ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ አምስት ገለልተኛ ባለሙያዎች ያሉበት ነው። የአገሩን ፍርድ ቤት ሁሉ ካልጨረሳችሁ አይልም፤ ቤተሰብም ማመልከት ይችላል። አስተያየቱ ግን አስገዳጅ አይደለም። ጠበቃዋ ግን የእሱ አሻራ ከተፈላጊው ሰውዬ አሻራ ጋር እንዲነጻጸር ጠይቃ ስለነበር "የአሻራው መልስ ይምጣና" አለች፤ ማመልከቻው እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እስሩ ፖለቲካ ቢሆን ኖሮ ግን በመጀመሪያው ሳምንት እልከው ነበር።

ለፍርድ ቤቱ ያስገባችው ጽሑፍ ሦስት ገጽ ብቻ ነው። የተፈረመውን ወረቀት ለመቃወም የላግራንድን ጉዳይ ጠቀሰች። ላግራንድ የሚባሉ ሁለት ጀርመናዊ ወንድማማቾች አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ሲታሰሩ የቆንስላ መብታቸው አልተነገራቸውም፤ በ1999 እ.ኤ.አ. በሞት ፍርድ ተገደሉ፤ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. መብቱ የታሳሪው የራሱም ነው ብሎ ፈረደ። የእነሱን ታሪክ ያነበብኩ ቀን ምግብ አልበላሁም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለቱን ስሞች አንዱን ከሌላው በታች አድርጋ ጽፋ፣ የምትለየዋን ፊደል በቀይ እስክሪብቶ ከበበቻት። ሦስተኛው ገጽ የአሻራ ይነጻጸርልን ጥያቄ ነው። ስለ ፖሊስ ጥፋት አንድ ቃል የለም። "የመረጃ መመሳሰል" ነው የምትለው።

እኔ ተቆጣሁ። ይቅርታ ሊጠይቁን ይገባል አልኳት። አስተርጓሚው ሳይቀር ያፈረ መሰለኝ። "ይቅርታውን ነው የምትፈልገው ወንድምህን?" አለችኝ።

የአሻራው መልስ የመጣው በሰባተኛው ወር ነው። አይገናኝም። የዳኛው ትእዛዝ አራት መስመር ነው፣ ይቅርታ የለበትም። ጠበቃዋ ዝም ብላ አልተወችውም፤ ስሙ ነገ ሌላ ኬላ ላይ እንዳይያዝ "ይህ ሰው ያ ሰው አይደለም" የሚል የጽሑፍ ማረጋገጫ ጠየቀች፣ አገኘችም። ኢንተርፖል ላይ የተሰራጨ ነገር ቢኖር ኖሮ ለድርጅቱ የፋይል ቁጥጥር ኮሚሽን ይሰረዝልኝ ማለት ይቻል ነበር። የእኛ የዚያው አገር ዝርዝር ብቻ ስለነበር እዚያው አለቀ።

አለቀ ስል፣ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። የመፍቻ ትእዛዙ ላይ የወንድሜን ስም የጻፉት በዚያች በተረገመች ፊደል፣ በሰውዬው አጻጻፍ ነው። በር ላይ ያለው ዘበኛ ወረቀቱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን ይዞ አየና መለሰው። እስኪታረም ሦስት ቀን ተጨመረ።

ማታ ደወለልኝ። እያለቀሰ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነበር።

"ሰባት ወር ሙሉ እኔ እሱ አይደለሁም ስል ያመነኝ የለም" አለኝ። "ዛሬ ልወጣ ስል ነው ያመኑኝ።"