ከአንጓው በላይ ቁረጡ፦ ሉድዊጂያንና ሮታላን መከርከምና ማባዛት

ሉድዊጂያና ሮታላ በአኳሪየም፣ ማለትም በመስታወት የዓሣ ገንዳ ውስጥ የሚተከሉ ባለ ግንድ የውኃ ተክሎች ናቸው። የመከርከሚያው ጊዜ አናታቸው የውኃውን ገጽ ሊነካ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። ካለፈ ላዩ ላይ ይተኛና ብርሃን ይከለክላል፤ የግርጌው ቅጠል ይጠቁርና ይረግፋል። አናቱ ለምለም፣ ከታች ግን ግንዱ ራቁቱን ሲሆን ብዙዎች ማዳበሪያ ይጨምራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ጥላ ነው፤ ማዳበሪያው የሚጠቅመው አልጌውን ነው።

ቡቃያም ሥርም የሚወጣው ከአንጓ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ከሚገናኝበት ቦታ ነው። ከአንጓው በላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ትታችሁ በስለታም መቀስ አንዴ ቁረጡ። የደነዘ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፤ ጫፉ ቡናማና ልፍስፍስ ሆኖ ወደ ታች እየበሰበሰ ይሄዳል። ጤነኛው ጉቶ ግን እንደ ባሕር ዛፍ ነው፦ አንድ የነበረው ሁለትና ሦስት ሆኖ ያቆጠቁጣል። ቅጠል ያለው ሁለት ሦስት አንጓ ይተውለት፤ ተላጭቶ የቀረ ጉቶ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ሦስት አራት ጊዜ ከተከረከመ በኋላ ቡቃያው ሲቀጥን ጉቶውን ነቅላችሁ አናቶቹን በቦታው ትከሉ።

የሚተከለው አናት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የታችኞቹን ሁለት አንጓዎች ቅጠል አንሱ፤ ቅጠሉ ተቀብሮ ከቀረ ይበሰብሳል። በወረንጦ ይዛችሁ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ጋደም አድርጋችሁ አስገቡት። ቀጥ ብሎ የገባ ግንድ ወረንጦው ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ወረንጦውን ከመሳባችሁ በፊት ነቅነቅ አድርጉት፣ አሸዋው ይደርመስበት። በአንድ ጉድጓድ አንድ ግንድ፣ በመካከል 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር። በጭብጥ የተተከለ ያን ቀን ያምራል፤ በኋላ ግን መሃሉ ይታፈናል።

አሸዋው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 6 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከወንዝ የመጣ ከሆነ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ኖራው እየሟሟ ውኃውን ያከብደዋል።

ሙቀቱ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ከሆነ ነጭ ሥር በሳምንት ወይም በ10 ቀን ይታያል። ባሕር ዳር ይህ ይቀላል፤ ደብረ ማርቆስ ግን ሌሊቱ ስለሚበርድ ያለ ማሞቂያ እድገቱ ይዘገያል። ሥር ሳይወጣ እየነቀላችሁ አትዩት።

በከረከማችሁ ዕለት ተንሳፋፊውን ቁርጥራጭ በመረብ ልቀሙ፣ ከውኃው 30 በመቶ ቀይሩ። የለቀማችሁትን ቁርጥራጭ ግን ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ አንድ አንጓ ያለው ቁራጭ ራሱን የቻለ ተክል ነው፣ ጣናም ከእምቦጭ ጋር የገጠመው ትግል ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ በእጅ ሲታሽ እስኪፈረፈር አድርቁት፤ ከዚያ ለጓሮ ኮምፖስት ይሆናል።