ጉሙ እስኪገለጥ

ጡረታ የወጣ ሰው ተሰባስቦ ሽርሽር ሲሄድ መጀመሪያ የሚጣላው በወንበር ነው። እኛም ከደብረ ብርሃን ሳንነሳ ተጣላን። የተከራየነው አባዱላ ሞተሩን ሲያሞቅ፣ ሁሉም ሰው ጋቢና የሚገባው ለእሱ መሆኑን በሕክምና ማስረጃ ማስረዳት ጀመረ። ባለቤቴ ወገቧን ጠቀሰች። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረው ጎረቤታችን ቲቸር እግሩን መዘርጋት እንዳለበት ተናገረ። ሻምበል ደግሞ «መንገድ የሚያሳይ ሰው ከፊት ነው የሚቀመጠው» ብለው ወታደራዊ ምክንያት አቀረቡ። መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ነው። ሰው ልጥፋ ቢል እንኳ አይጠፋበትም።

ጠቡን የፈታችው ሲስተር ናት። ሲስተር ጡረተኛ ነርስ ስትሆን ግማሹን የከተማ ሰው በፊቱ ሳይሆን መርፌ በወጋችው በኩል ታውቀዋለች። «ቶሎ ቶሎ የሚወርደው ማን ነው? እሱ በር አጠገብ ይቀመጥ» አለች። ክርክሩ ባንዴ ቀጥ አለ። አሁን ለጋቢና ሲራኮት የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ወንበር ተሽቀዳደመ። በር አጠገብ መቀመጥ ፊኛን በአደባባይ እንደማስመዝገብ ተቆጠረ። ሻምበል ጠዋት ጠዋት ለደም ግፊት የሚያሸና ክኒን ይወስዳሉ፤ ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ግን ከሁሉ ቀድመው የመጨረሻው ወንበር ጥግ ላይ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ለመውረድ የሁላችንንም ጉልበት መሻገር አለባቸው። ክብራቸው ግን ተጠበቀ። ጋቢናው ከድሬዳዋ ልትጠይቀን ለመጣችው የባለቤቴ እህት ሳትጠይቅ ደረሳት።

(ይህ የሆነው መንገዱ የሽርሽር መንገድ በነበረበት፣ ሰው ምሳውን ቋጥሮ ደብረ ሲና ደርሶ በሚመለስበት ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ብቻ ይመለስ እንጂ ጋቢናውን የፈለገ ይውሰደው።)

የመጀመሪያው ቀን አንኮበር ዋልን። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለተቀማጭ ሰው ቀላል ነው። ችግሩ መኪናው ታች ይቆምና ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ በእግር ይወጣል። ሻምበል ታች ቆመው ታሪኩን አወረዱልን፦ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ውል ሊዋዋሉ የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞች፣ ኋላም ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ የገቡት ምኒልክ። «ኮረብታው የተመረጠው ጠላት በቀላሉ እንዳይወጣው ነው» ብለው ደመደሙ።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችውና «ተሳክቶላቸዋል» አለች።

ወጣን እንጂ፤ አንቀርም። የአዛውንት ዕረፍት ግን ሰበብ ይፈልጋል። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ አንዱ የታሰረ ጫማውን እንደገና ያስራል፣ ቲቸር ደግሞ ስለማያውቀው ወፍ ይጠይቃል። ደከመኝ ያለ አንድም ሰው የለም። ጫፍ ላይ ሲደረስ ምሥራቁ ሁሉ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ትንፋሻችን ሲመለስ አየነው።

ጉልበት የሚጣላው ሲወርዱ ነው። ሲወጡ የሚያስቸግረው ትንፋሽ ነው፤ ቆም ቢሉለት ይመለሳል። ቁልቁለት ግን ምሕረት የለውም፤ እያንዳንዷ ርምጃ ሒሳቧን ከጉልበት ላይ ታወራርዳለች። ሲስተር ዱላውን ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ እንድንይዝ፣ ገደላገደሉ ላይ ደግሞ በጎን እየዞርን እንድንወርድ አሳየችን። ሠራልን። ታች የሚጠብቀን ሹፌር ግን ሁላችንም ጀርባ ተሰጣጥተን በዝምታ ስንወርድ አይቶ ደነገጠ። በሩን እየከፈተ «ምነው እናቴ፣ ላይ ቤት ተኳረፋችሁ እንዴ?» ብሎ ባለቤቴን በሹክሹክታ ጠየቃት።

የዚያን ቀን ማታ ልጄ ከውጭ አገር በቴሌግራም የምክር ዝርዝር ላከችልን። ዕድሜያቸው ለገፋ ተጓዦች የተጻፈ ነው። መድኃኒታችሁን ከሻንጣው ጋር ጣሪያ ላይ አትጫኑ፣ በእጅ ቦርሳ ያዙ ይላል፤ ጥሩ። አዲስ ጫማ ለጉዞ አታሟሹ፤ ይኼም ጥሩ። ስስ ስሱን ልብስ ደራርቡ፤ የባለቤቴ እህት ይህን ሳታነብ ፈጽማዋለች፣ ያመጣችውን ሁሉ ለብሳለች። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ በደማቁ የተጻፈው ግን «ውሃ አዘውትራችሁ ጠጡ» የሚለው ነው። ሲስተር አልተቃወመችም። ሰው ሲያረጅ ጥሙ ቶሎ አይሰማውም፣ ሳያውቀው ይደርቃል፣ ከዚያ ራሱን ያዞረዋል ብላ አስረዳች። ዝርዝሩ የዘለለው ውሃው የት እንደሚወርድ ነው። ጸሐፊው ሠላሳ ዓመት እንደማይሞላው እወራረዳለሁ። ፊኛው ያስቸገረው ሰው ቢሆን «ሽንት ቤት ያለበትን ቦታ አስቀድማችሁ እወቁ» ብሎ ይጀምርና ውሃውን መጨረሻ ላይ ያነሳው ነበር። በመንገድ ላይ ሽንት ቤት ለመግባት ሆቴል ገብቶ ቡና ማዘዝ አለ። ያ ቡና ደግሞ ቀጣዩ ሆቴል ድረስ እንኳ አያደርስም።

በማግስቱ ጠዋት ሻምበል ክኒናቸውን ዋጡ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ በምክሩ መሠረት አንድ ጠርሙስ ውሃ ደረቡበት።

«ሻምበል፣ ለጉዞ ቀን የክኒኑን ሰዓት ስለመለወጥ ሐኪምዎን አልጠየቁም?» አለች ሲስተር።

«ወታደር ሰዓት አያዛንፍም።»

እስከ ጣርማ በር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስከረም ስለሆነ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ ገብሱ አረንጓዴ ነው። ሻምበል የየመንደሩን ታሪክ እየተረኩልን ነበር። መሐል ላይ ትረካው አጠረ። ከዚያ አንድ አንድ ቃል ብቻ ሆነ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ወደ ጣርማ በር ስንጠጋ ጉሙ መጣና አደዩንም ገብሱንም ዋጠው። ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ በኤሊ ርምጃ መሄድ ጀመረ። ያን ጊዜ ከኋላ ድምፅ መጣ፦

«ይኼ ቦታ ዕይታው ግሩም ነው። ብናቆም?»

ሹፌሩ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያይም። «የምን ዕይታ ጋሼ?»

«ጉሙ ነዋ!»

ሲስተር ገባት። ለሰውየው ክብር ብላ «ብዙ የተቀመጠ እግር ያብጣል፣ ሁሉም ይውረድ!» ብላ አወጀች። ምክንያቱ እውነት ነው፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው በየሰዓቱ ወርዶ ትንሽ መራመድ ጥሩ ነው። የወረድንበት ፍጥነት ግን የእግር እብጠት ፍጥነት አልነበረም። ሻምበል የሁላችንንም ጉልበት በአንድ ርምጃ ተሻገሩ። በጦር ሜዳ ዘመናቸው እንኳ እንዲህ መሻገራቸውን እጠራጠራለሁ።

ሴቶቹ ሲስተር ነጠላዋን ዘርግታ ወደ መንገዱ ወዲያኛው ዳር ወሰደቻቸው። እኛ በወዲህ በኩል ጉሙ ውስጥ ገባን። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን አላየኋቸውም። ቲቸር ከጎኔ እንዳለ በሳሉ ብቻ ነው የማውቀው። እንዲህ ያለ መጋረጃ ከሰማይ ሲወርድ የማያመሰግን ሽማግሌ የለም። የእኛ ዕድሜ ጉዳይ ደግሞ ባንዴ አያልቅም፤ ይጀምራል፣ ያስባል፣ እንደገና ይጀምራል። ፕሮስቴት ያለበት ሰው ያውቀዋል።

«ሁሉም ወደ ገደሉ ይዙር!» አሉ ሻምበል ከጉሙ ውስጥ።

«ገደሉ በየት በኩል ነው?» አለ ቲቸር።

መልስ ሳይመጣ ከቆላው በኩል ነፋስ ተነሳ። የጣርማ በርን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው፣ ሲሄድ ግን ቀጠሮ እንደረፈደበት ሰው ነው። ባንዴ ተገለጠ። ለካ የዞርነው ወደ ገደሉ አይደለም። ከፊታችን፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ላይ፣ ጉሙ እስኪያልፍ ብሎ ዳር የያዘ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ቆሟል። መስኮቱ ሁሉ ሰው ነው። ከአውቶቡሱ በላይ ባለው ሣር ላይ ደግሞ አንድ መንጋ ጭላዳ ተቀምጧል። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጭ የሚውል እንስሳ ነው፤ ለሰው ብሎ ቀና አይልም። ያን ዕለት ጎፈሩን አንጨብርሮ የተቀመጠው ትልቁ ወንድ ሣሩን በእጁ እንደያዘ ማኘኩን አቁሞ አየን።

ከሁሉ የከፋው ግን የሻምበል ነው። ክርናቸው ሥር አንድ ትንሽ ልጅ ቆሟል። በክንዱ ላይ የበግ ፀጉር ቆቦች ደርድሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እግዜር ይወቅ። ቀና ብሎ አያቸውና በትሕትና፦

«አባባ፣ ሲጨርሱ ቆብ ይገዛሉ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ሻምበል ግን ማቆም አይችሉም፣ መዞር አይችሉም፣ መሸሽም አይችሉም። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ሰልፍ እንደሚገመግም መኮንን ወደ አውቶቡሱ ቀጥ ብለው እያዩ «ስንት ነው?» አሉ።

ልጁ ዋጋውን ተናገረ።

«ውድ ነው።»

«ሞቃት ነው አባባ፣ የመንዝ በግ ነው።»

«ቀንስ።»

«እሺ ቀስ ብለው ያስቡበት፣ እጠብቃለሁ።»

ቲቸር ሳቁን ሲያፍን ጥርሱ ሊወድቅ ደረሰ፤ ሰው ሠራሽ ነው፣ በአንድ እጁ ደገፈው። አንዱ እጁ ሥራ ላይ ነበር።

እኔ የጠበቅሁት ከአውቶቡሱ ሳቅ ነው፤ ቢበዛም ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ። የአውቶቡሱ በር ቱር ብሎ ተከፈተ። አንዲት ነጠላቸውን ያደገደጉ እናት ደረጃው ላይ ብቅ አሉና ወደ ውስጥ ዞረው ሹፌሩን ተቆጡት፦ «አየህ? ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው! እኔ ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ አፍሬ ተቀምጬ ሞቻለሁ!» ወረዱ። ተከትለዋቸው አንድ ሽማግሌ በከዘራ ወረዱ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ያለ ከስልሳ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ነበር የተቀመጠው። ሲስተር ከመንገዱ ማዶ ነጠላዋን እያውለበለበች «ሴቶች በዚህ! ወንዶች በዚያ!» ስትል የድሮው ክፍሏ ተመለሰላት። አንዱ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ከቆሙ በኋላ «የት ነው የምትሄዱት?» አሉኝ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደተገናኘ ሰው። ሸዋ ሮቢት ደርሰን ለመመለስ ነው አልኳቸው። «ሽንት ቤት ያለው ደብረ ሲና ላይ ነው» ብለው ሆቴሉን፣ የጓሮ በሩን፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚገኝ ሳይቀር ነገሩኝ። ከልጄ ዝርዝር ይልቅ ያ ምክር ጠቅሞናል።

ሻምበል ቆቡን ገዙ። በስንት እንደገዙ እስካሁን ምሥጢር ነው፤ እንዳልቀነሰላቸው ግን ከልጁ ፊት ታየን።

ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት እስኪደረስ ከግማሽ በታች መውረድ ነው። ጆሯችን ተደፈነ፣ ላይ የከደንነው ባዶ የውሃ ጠርሙስ ማንም ሳይነካው ጭምድድ አለ። ማኘክ ጆሮ ይከፍታል ስለተባለ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ተገዛ። የደብረ ሲና ቆሎ ስም ያለው ነው። ቲቸር በዚያ ጥርስ ማኘክ ስላልቻለ እንደ ከረሜላ መጠጠው። የእሱ ጆሮ ማታ ድረስ ተደፍኖ ነበር፤ ባለቤቴ የነገረችውን ሁሉ እሺ እያለ ዋለ።

ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ሲቀበለን የድሬዳዋዋ እንግዳ ነፍስ ዘራች። የደረበችውን አንድ በአንድ እያወለቀች ለእኔ አሸከመችኝና በገበያው ውስጥ ማንጎና ፓፓያ እየነካካች ቀድማን ሄደች። እኛ የደጋ ሰዎች ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተጠጋን። ሻምበል የበግ ፀጉር ቆባቸውን እንዳደረጉ ነበሩ፤ ላቡ በጆሯቸው በኩል ይወርዳል።

«ያውልቁት እንጂ ሻምበል» አለች ሲስተር።

«ከፍዬበታለሁ።»

«እንግዲያው ውሃ ይጠጡ። በዚህ ሙቀት ከክኒኑ ጋር ውሃ አለመጠጣት አደጋ ነው፤ ቀልዴን አይደለም።»

ጠርሙሱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሩ።

«ልጄ፣ ማታ ስንመለስ ጣርማ በር ላይ ጉም ይኖራል?»

«ይኖራል ጋሼ፣ አይጠፋም።»

«ልጁስ?»

ሹፌሩ ትንሽ አሰበና «እሱም አይጠፋም፤ ማታ ማታ ግን ካልሲ ነው የሚሸጠው» አላቸው።